ስኮላርሺፕ በደላላ

(የአያት እጆች ሥራ ላይ ናቸው። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የታናሽ ወንድማቸውን ሸሚዝ ኮሌታ በምላጭ ጫፍ ክር በክር ይፈታሉ፤ ያለቀውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ደህናውን ወደ ውጭ ገልብጠው መልሰው ሊሰፉት ነው። የሸሚዙ ባለቤት፣ አብሯቸው የሚኖረው የቤት ኪራይ ደላላ፣ በካኒቴራ ብቻ ቀርቶ፣ ስልኩን እንደ ዘንግ ጨብጦ ክፍሏን ይመላለስባታል። ጠባቸው በልጅቷ ነው። አያት አሳድገው ለዚህ ያደረሷትን የልጅ ልጃቸውን፣ መጽሐፍ ከእጇ ስለማይጠፋ ቤቱ ሁሉ «ቀለሜዋ» የሚላትን፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል። አንዱ እዚሁ ከተማ ያለው ስመ ጥሩው ትልቁ ነው፤ ክፍያውን ግን ቻሉት ይላል። ሌላው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሄዶ የሚደርስበት ትንሹ ነው፤ እሱ ደግሞ ክፍያዋን፣ መኝታዋንና መጽሐፏን የሚሸፍን የክብር ስኮላርሺፕ ሰጥቷታል። መልሱን ዛሬ፣ ቢሮው ሳይዘጋ ይፈልጋል። ልጅቷ በጠዋት «መጣሁ» ብላ እንደወጣች አልተመለሰችም። ክርክሩ ግን እሷን አልጠበቀም።)

ደላላው፦ እኔ የምልሽ እትዬ፣ ታክሲ ተራ ሄደሽ ታውቂያለሽ?

አያት፦ ምን ጥያቄ ነው? ስንቴ!

ደላላው፦ የሚጣራው የትኛው ታክሲ ነው?

አያት፦ የሚሄደው።

ደላላው፦ ባዶው! ባዶው ነው የሚጣራው! የሞላው ማንንም አይጠራም፤ በሩን ዘግቶ ውልቅ ነው። ይኼ ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ልጅቷን «ነይ፣ ነይ፣ በነጻ ነይ» ሲል ወንበሬ ባዶ ነው ማለቱ ነው።

አያት፦ ታዲያ ባዶ ወንበር ላይ አይደል እንዴ የሚቀመጡት? የሞላው ላይማ የት ልትቀመጥ ነው?

ደላላው፦ ምሳሌ ነው እትዬ! ምሳሌ!

አያት፦ እኔም በምሳሌ ነው። የሞላው ታክሲ ውስጥ የገባሁ ዕለት የሰው ክርን ስበላ ነው የምደርሰው።

ደላላው፦ (ለግድግዳው) ከዚህች ሴት ጋር እንዴት ነው የሚመከረው? ስሚኝ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እኮ ትልቅ ነው። በሩን አይተሽዋል? በሩ ብቻ ይኼን ቤት ያክላል።

አያት፦ በሩን ነው የምትማረው?

ደላላው፦ ስም አለው ለማለት ነው! ከዚያ የወጣ ሰው «የት ተማርክ?» ሲባል አንዴ ነው የሚናገረው። ከትንሹ የወጣ ግን «የት?» ይባላል፤ ይናገራል፤ ደግሞ «የት?» ይባላል።

አያት፦ ቀለሜዋ እንዳለችኝ ግን፣ እዚያ የክብር ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው። መምህሩ እያንዳንዳቸውን በስም ነው የሚጠራቸው።

ደላላው፦ ታዲያ ያ ጥሩ ነው? በስም የሚታወቅ ሰው ሲቀር ይታወቅበታል!

አያት፦ እሷ መቼ ቀርታ ታውቃለች?

ደላላው፦ አታውቅም።

አያት፦ እና?

ደላላው፦ በመርህ ደረጃ ነው የምናገረው። ደግሞ «የክብር» ማለታቸውን ልብ በይ። ክብር! ይቺን ቋንቋ እኔ አላውቃትም? ቤቱ ውኃ ከሌለው «ጸጥ ያለ ሰፈር» እንላለን። መስኮት ከሌለው «ሌባ የማይደፍረው» እንላለን። «ክብር» ካሉሽ ከኋላው አንድ የማይሠራ ቧንቧ አለ።

አያት፦ ይኼን ቤት ስታስገባኝ ምን ነበር ያልከኝ?

ደላላው፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «አየር እንደ ልብ» ነው ያልኩሽ።

አያት፦ (የጣሪያውን ቀዳዳ ቀና ብለው አይተው) አየሩስ እንደ ልብ ነው። አልዋሸህም።

ደላላው፦ ነጥቧ ከወረደ ስኮላርሺፑን ይነጥቋታል ብላሻለች ደግሞ። ይኸው! ቀድሜ አላልኩም? ውል ነው፤ በውል ውስጥ ወጥመድ አይጠፋም። እኔን ይኼ ያስፈራኛል።

አያት፦ እሱን ከመፍራትህ በፊት ብርዱን ፍራ። በካኒቴራ ነህ።

ደላላው፦ ሸሚዜን ስጪኛ!

አያት፦ ቆይ እንጂ፣ ኮሌታ ጥድፊያ አይወድም።

(አንዲት ክር መዘዙ። ክሯን በብርሃን አገላብጠው አዩዋት፤ እንደገና ወደ ጨርቁ አጎነበሱ።)

ደላላው፦ በቃ፣ ዛሬ ሙያ ምን እንደሆነ አሳይሻለሁ። አንድ ዕቃ ሁለት ፈላጊ ካገኘ ብልህ ደላላ ምን ያደርጋል? ሁለቱን ያፎካክራቸዋል!

አያት፦ ዕቃው ማነው?

ደላላው፦ ቀለሜዋ ናታ።

አያት፦ ኧረ ወዲያ! ልጄን ነው ዕቃ የምትላት?

ደላላው፦ የሙያ ቋንቋ ነው፣ አትቆጪ። አሁን ለትልቁ እደውላለሁ። እዚያ በሩ ጋ ሆኜ ነው የማወራው፤ ገዢ ሲነጋገር ባለቤት አይሰማም። ሥርዓት ነው።

(ከአያት አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ ጀርባውን ይሰጣቸዋል። ሁሉም ይሰማል።)

ደላላው፦ (በስልክ፣ ድምፁን አወፍሮ) ሃሎ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው? እንዴት ዋላችሁ! ለእናንተ የምትሆን አንዲት አለችኝ።… አዎ፣ በሒሳብም በሳይንስም የተሟላች።… ስሟ? ስሙ ቀስ ብሎ ይደርሳል ጌታዬ፤ መጀመሪያ የእናንተን ሐሳብ ልስማ።… ሌላ ፈላጊ በነጻ ሊወስዳት በር ላይ ቆሟል፤ እኔ ግን ቅድሚያ ለእናንተ ብዬ ነው።… ማየት ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ይያዛል።… ሃሎ? ሃሎ?

አያት፦ ዘጋብህ?

ደላላው፦ ሊያስብበት ነው። ስልክ የዘጋ ገዢ እያሰበ ነው። የማይፈልግ ሰው ነው ብዙ የሚያወራው።

አያት፦ ለምን ስሟን አልነገርከውም?

ደላላው፦ ስም! ደላላ የባለቤቱን ስም ካወጣ ገዢው በአቋራጭ ከባለቤቱ ጋር ይገናኝና ደላላው ደጅ ይቀራል።

አያት፦ ደጅ ብትቀርስ? ገብታ የምትማረው እሷ አይደለችም?

(ስልኩ ይጮኻል። ደላላው ሁለት እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ግብ እንዳገባ ተጫዋች።)

ደላላው፦ አላልኩሽም? መልሶ ደወለ! (በስልክ) እንደምታስቡበት አውቄ ነበር ጌታዬ!… አዎ፣ አለች፣ አልተያዘችም።… ሰፊ ናት ወይ? አእምሮዋ? በጣም!… ውኃ? አዎ፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ምን ችግር አለው?… ለብቻዋ ናት፤ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ አያቷ ግን አብራ አትመጣም።… ልጆች? የምን ልጆች ጌታዬ፣ ገና ተማሪ ናት!… ጣሪያዋ ያፈሳል ወይ? (ድምፁ ይቀጥናል።) ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተ ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ፈላጊ ነህ? ቆይ ልደውልልህ።

አያት፦ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጣሪያ ያፈሳል ወይ አለ?

ደላላው፦ ሌላ ሰው ነው።

አያት፦ እኔማ ስለ እኛ ቤት የሰሙ መስሎኝ።

ደላላው፦ ተይው። አሁን ትንሹን ነው የማሟሙቀው፤ ዋጋ እንዲጨምር። ቁጥሩ እዚያ የቀን መቁጠሪያው ላይ አለ፤ ቀለሜዋ ጽፋዋለች። ሳናሟሙቀው እሺ ካልነው «እነዚህ ሰዎች ቸግሯቸዋል» ይላል። እሺ ለማለት የቸኮለ ተከራይ ሁሌም የምድር ቤቱ ነው የሚደርሰው።

(ይደውላል። አያት አላቋረጡትም። ምላጩ ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ጆሯቸው ግን ቆሟል።)

ደላላው፦ (በስልክ) ሃሎ፣ ትንሹ… ማለቴ፣ የተከበረው ዩኒቨርሲቲ? ስለ ክብር ስኮላርሺፑ ነበር።… እኛ አልተጣደፍንም። ሌላም ፈላጊ አለ።… ማን እንደሆነ አይነገርም፤ የማን እንደሆነችም አይነገርም። እናንተ ምን ትጨምራላችሁ?… ለምሳሌ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል።… ለአጎት የሚሆን አንድ አልጋስ?… አዎ፣ ለአጎት።… አይ፣ አይማርም፣ ዝም ብሎ ይተኛል። አለፍ አለፍ እያለ እየመጣ ደህንነቷን ያያል።… አይቻልም? እንግዲያው ሐሳባችን አልተገናኘም!… (ዐይኑ ይፈጣል) ምን? ለማን?… ኧረ ቆይ እመቤት! ሃሎ? ሃሎ!

አያት፦ ምን አለች?

ደላላው፦ ሊጨምሩ ነው።

አያት፦ ምን?

ደላላው፦ ተጠባባቂ።

አያት፦ ተጠባባቂ ደግሞ ምንድን ነው?

ደላላው፦ (ወንበር በእጁ እየዳበሰ) ሌላ ልጅ ነው፤ ተራ የሚጠብቅ። «ካልፈለጋችሁ ለተጠባባቂ እንሰጠዋለን፣ ደህና ዋሉ» አለችኝ።

(ምላጩ ከአያት እጅ ወደቀ።)

አያት፦ አንተ ሰው! ልጄ ዐይኗ እስኪቀላ አጥንታ ያመጣችውን በአንድ አልጋ ለወጥክብኝ?

ደላላው፦ አልጋውንም አልሰጡኝም እኮ!

አያት፦ አልጋ ባይሰጡህ ነው የሚቆጭህ? ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው? «አጎትሽ ፀሐይ ሲያማርጥልሽ መሸ» ልበላት?

ደላላው፦ እትዬ፣ ሙያ ነው፣ ሁሌ ይሠራል፣ ዛሬ ምን እንደነካው…

አያት፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። ሴትየዋ የማንን ስም ነው የምትሰርዘው?

ደላላው፦ የቀለሜ… (ቀስ በቀስ ፊቱ ይበራል።) ስም አልሰጠሁም! እትዬ፣ ስም አልሰጠሁም! አየሽ? ሙያ ማለት ይቺ ናት!

አያት፦ አዎን። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ ማንነቷ ላልታወቀች ልጅ፣ ያልተሰጠ አልጋ ለምኖ ቀረ። ተመስገን ነው የሚባለው። በል አሁን መልሰህ ደውልና ስሟን ተናገር፤ «ልጅቷ እሺ ትላለች፣ ጠብቋት» በል።

ደላላው፦ አሁን? ወዲያው? ትንሽ ይብረድ እንጂ። ነገ ጠዋት…

አያት፦ ዛሬ ነው የሚዘጋው።

ደላላው፦ ሁሉም «ዛሬ» ይላል እኮ። እንዲያውም ስለ ፀሐዩ እንደገና ብናነሣ…

(አያት ምላጩን ከወለሉ አነሡ። ወንድማቸውን ረዘም አድርገው አዩት።)

አያት፦ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ ታውቃለህ። ቤቱን ማከራየት የማይፈልግ ባለቤት ምን ያደርጋል?

ደላላው፦ (ደረቱን ነፍቶ) ይቺ ቀላል ናት። «አላከራይም» አይልም፣ ያፍራል። ዋጋ ይሰቅላል። የሌለ ነገር ይጠይቃል። ዛሬ ዋስ፣ ነገ የዋስ ዋስ ይላል። ፈላጊው ራሱ ሰልችቶት እስኪሄድ ድረስ…

(የነፋው ደረቱ ይሟሽሻል።)

አያት፦ ቀጥላ።

ደላላው፦ ጨረስኩ።

አያት፦ እኔ ምንም አልወጣኝም።

ደላላው፦ እሺ! እሺ፣ እንዳትሄድብኝ ነው! ደስ አለሽ? ያን ያህል ሩቅ ሄዳ፣ ጠዋት ጠዋት «ተነሥ አንተ እንቅልፋም፣ ሰው ቤት እየፈለገ ነው» ብሎ በር የሚደበድበኝ ማነው? (ጣቱን ወደ ሸሚዙ ይቀስራል) ግን ቆይ፣ አንቺስ? ኮሌታ መገልበጥ ለአንቺ ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ያቺኑ ክር ትፈቻለሽ፣ ትሰፊያለሽ፣ መልሰሽ ትፈቻለሽ። እኔ ካኒቴራዬ ላይ ሆኜ አላየሁም?

አያት፦ አሮጌ ጨርቅ ስለሆነ…

ደላላው፦ እትዬ።

አያት፦ (ኮሌታውን ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት።) ሸሚዙ ተሰፍቶ ካለቀ ለብሰህ መናኸሪያ ትሄዳለህ። መናኸሪያ ከሄድክ፣ ምናልባት ትሄድ እንደሆነ ብለህ የአውቶቡስ ቦታ ትይዝላታለህ። ጠዋት እንዲህ አልነበር የተባባልነው?

ደላላው፦ ስለዚህ ሸሚዝ እንዳይኖረኝ…

አያት፦ ሸሚዝ የሌለው ሰው ትኬት አይቆርጥም።

(አያት የልጅቷን ጫማ በሩ ሥር አዩት፤ የቤት ጫማዋን ነው። ተረከዙ በአንድ ወገን ብቻ ያልቃል፤ ሁልጊዜ ስለምትቸኩል።)

አያት፦ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ስሳሳት አትስቅብኝም ነበር፤ «እንደገና እማማ» ነበር የምትለኝ። ለእኔ ደብተር የከፈተች ልጅ፣ እኔ ደጅ ልዝጋባት? ስጠኝ ስልኩን።

ደላላው፦ ምን ልትያቸው ነው?

አያት፦ እውነቱን።

ደላላው፦ በመጀመሪያው ጥሪ?!

(አያት ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል።)

ስልክ፦ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፣ ምን ልታዘዝ?

አያት፦ እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ። የዚያች ስኮላርሺፕ የሰጣችኋት ልጅ አያት ነኝ። (የልጅቷን ስም ከነአባቷ አስተካክለው ይናገራሉ።)

ስልክ፦ አወቅኋት እማማ! እርስዎ ራስዎ ነዎት? እንዴት ተነሡ?

አያት፦ ከየት?

ስልክ፦ ከአልጋ።

አያት፦ እኔማ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የምነሣው። ምን ሆኜ?

ስልክ፦ እሰይ! ልጅቱ ትናንት ደውላ «ስኮላርሺፑን ጠልቼ አይደለም፤ ቤት ያሉት ሁለት ሽማግሎች ግን ያለ እኔ አንድ ቀን አይችሉም» ስትለን፣ ሁለታችሁም የአልጋ ቁራኛ መስላችሁን ነው። በእናንተ ምክንያት እዚያው ባለው ዩኒቨርሲቲ ልመዝገብ ብላ ነበር። እኛ ግን እስከ ዛሬ ጠብቀናታል፤ ታሳዝናለች።

(አያትና ደላላው ተያዩ።)

ደላላው፦ ሽማግሌ? ማነው ሽማግሌው?

ስልክ፦ ማነው እሱ ደግሞ? እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ ድምፅ… ዛሬ አንድ ሰው ደውሎ ስም በሌላት ተማሪ ላስማማችሁ፣ ለአጎቷ አልጋ ጨምሩ ሲለን ነበር። አጭበርባሪ ነው ብለናል። እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ቢመጣ በር እንዳይከፍቱለት።

አያት፦ (ወንድማቸውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አይተው) ገብቷል ልጄ። ግን አታስቢ፣ ሸሚዝ የለውም፤ የትም አይደርስም።

ደላላው፦ አንድ ቀን አይችሉም አለች? እኔ? ይኼን ከተማ ቤት ቤቱን ያስገባሁ ሰውዬ? አምጪው ስልኩን! እመቤት፣ ተስማምተናል!

ስልክ፦ አልጋውን…

ደላላው፦ አልጋም ይቅር፣ ፀሐይም ይቅር! ዛሬውኑ ውሰዷት!

አያት፦ በመጀመሪያው ዋጋ?

ደላላው፦ በመጀመሪያው ዋጋ! አይችሉም ትበለን?

ስልክ፦ እሺታው ግን ከራሷ ከልጅቱ አፍ ነው መውጣት ያለበት። ጥቂት እንጠብቃታለን፤ ቶሎ ብቻ ንገሯት።

(አያት ለልጅቷ ይደውላሉ። አሁን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘውታል፤ የልጅቷን ድምፅ ለማንም ማካፈል አልፈለጉም።)

አያት፦ ሃሎ፣ የኔ ቀለሜ! የት ነሽ?… ለምዝገባ ተሰልፈሽ? ውጪ ከሰልፉ።… አዎ፣ ውጪ፤ ከኋላሽ ያለችው ደስ ይላታል። ለእነዚያ ለሩቆቹ ደውዪና እሺ በያቸው።… ሰምቻለሁ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ። ማንን ነው ሽማግሌ ያልሽው?… እኛ ምን ጎድሎን!… አጎትሽማ ለብሶ፣ ተጣጥቦ፣ ምሳ ሠርቶ አብልቶኛል። (ደላላው በካኒቴራው ላይ እጁን አድርጎ በከንፈሩ ብቻ «ምሳ?» ይላል።) መድኃኒቴንም ውጫለሁ። (ወደ ወንድማቸው በሹክሹክታ) የጠዋቱ የቱ ነው፣ ነጩ ነው ቢጫው? (ወደ ስልኩ) አይ፣ ለራሴ ነው የማወራው።… አታልቅሺ እንጂ። ቢሮው ይዘጋል፤ እሺ በይና ኋላ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ያን ጊዜ አግዝሻለሁ።… ጎሽ። ጎሽ የኔ እናት።

(ይዘጋሉ። ሁለቱም ስልኩን እንደ ሕፃን ከበው ይጠብቃሉ። ስልኩ ሲጮኽ አያት ሰምተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።)

አያት፦ አለች። እሺ አለቻቸው።

ደላላው፦ (ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ቆየት ብሎ) ጥሩ ውል ነው። ከእኔም ውል ይሻላል። በይ፣ ለደስታችን ሻይ ልጣድ። ስኳሩን የት ነው የምታደርጊው?

አያት፦ እኔ እኮ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።

ደላላው፦ እኔ ከየት አውቄ?

አያት፦ ሐኪሙ ስኳር ለሁለታችንም ከከለከለን ወዲህ እሷ ናት የምትደብቀው። በልክ በልክ እያወጣች ነው የምትሰጠን።

ደላላው፦ ደውዪና ጠይቂያታ!

አያት፦ ሞተሃል! አሁን «ምን ጎድሎን» ብያት? ስኳር አጡ ካለች እኮ ተመልሳ ሰልፍ ትገባለች!

(ደላላው «መፈለግማ ሙያዬ ነው» እያለ በካኒቴራው እንዳለ መደርደሪያውን ይዳብሳል፤ የቆርቆሮ ክዳን ይወድቃል፤ ውስጡ አዝራር ነው። አያት ከወንበራቸው ሳይነሡ ወደ እናንተ ዞሩ፤ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።)

አያት፦ እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ እንግዲህ ሩቅ ከሚሄደው አውቶቡስ አንዲት ቸኳይ ልጅ መጽሐፍ ታቅፋ ስትወርድ ካያችሁ፣ እባካችሁ እንደ ዘበት አድርጋችሁ ስኳሩን የት እንደደበቀችው ጠይቁልኝ። እኛ የላክናችሁ እንዳይመስላት ብቻ። «እንዴት ናቸው?» ካለቻችሁ ደግሞ፣ «ደህና ናቸው፣ ምንም አልጎደላቸውም» በሉልኝ።